አባባ ስልክ አያነሱም

ጥቅምት 3
ደብረ ብርሃን ብርዱ ጀመረ። ሻንጣ ሳስተካክል ዋልኩ። ፋብሪካው ለዘጠኝ ሳምንት ጀርመን ሊልከኝ ነው፤ የብቅል ላቦራቶሪ ሥልጠና። ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ... አንዷ ሹራብ፣ አንዷ ምክር ይዛ። ሰለቸኝ። ነገ ዘርትሁን ሚኒባሱን ከሥራ አስቀርቶ ቦሌ ያደርሰኛል። ታናሼ ሆኖ እንደ አባት ይቆጣኛል። እዚያ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እንዳልስቅ አስጠነቀቀኝ፤ እብድ ይሉሻል አለ።

ጥቅምት 9
የላቦራቶሪው ኃላፊ ሄልጋ ትባላለች። እማዬ በሕይወት ብትኖር እኩያዋ። በስሜ ጥሪኝ አለችኝ። ምላሴ እምቢ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ዛሬ ደረጃ ላይ ጎረቤቴን ሰላም ስለው ደንግጦ ቁልፉ ወደቀበት። እውነትም እብድ መሰልኩት።

ኅዳር 5
አንኮበር ደወልኩ። የአባባን ስልክ ያነሳችው ታላቄ እትዬ ወለተሐና ናት። እሷ የምትኖረው ደብረ ብርሃን አይደል? አባባን ልጠይቅ መጥቼ ነው አለች። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ድምፅዋ ጎርንኗል። ጉንፋን ነው አለች።

ኅዳር 9
ደግሜ ደወልኩ። አባባ ቅዳሴ ላይ ናቸው አለችኝ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት... የምን ቅዳሴ? የቄስ ልጅ መሆኔን ረሳችው?

ኅዳር 13
ምሳ ላይ የሄልጋ ስልክ ጠራ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ ዘጋች። ወንድሟ ሞቷል። ቀብሩ ሐሙስ ነው፣ የዚያን ቀን አልገባም አለችና ምሳዋን ጨረሰች። ሌሎቹ አዝነናል አሏት፤ በቃ። እኔ ተነስቼ አቀፍኳት፣ እንባዬ መጣ። እንደ እንጨት ደረቀች። "እባክሽ፣ እዚህ አይሆንም" አለችኝ ቀስ ብላ። አፈርኩ።
ከሥራ ስንወጣ ምስር ወጥ ሠርቼ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ። ሳይጠሩ አይመጣም መሰለኝ። ከዚያ ከፈተችልኝ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስነሳ እጄን ያዘችኝ፣ ቶሎ አልለቀቀችውም።
ግን አስቀናችኝ። የእሷ በሰዓቱ ተነገራት። እኛ ጋ መርዶ ይደበቃል። ሰው አገር ላለ ሰውማ ማን ይናገራል?

ኅዳር 20
አልቻልኩም። እትዬን በቀጥታ ጠየቅኳት። "አባባ ሞተዋል?"
"ምን አፍ ነው ያለሽ። ኪዳነ ምሕረትን፣ በሕይወት አሉ።"
"እንግዲያው አገናኚኝ።"
ከወደ ኋላ የአባባ ድምፅ... "አልችልም በያት።" እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሉ። ግን ለምን? ታመው ነው? ተቀይመውኝ? ለዘርትሁን ጻፍኩለት፣ መልስ የለም። እሱ ድሮም መንገድ ላይ ነው።

ኅዳር 29
እህል አይወርድልኝም። አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ።

ታኅሣሥ 10
ገባሁ። አባባ ከአንኮበር መጥተው ቤቴ በር ላይ ቆመዋል። ሻንጣዬን ጥዬ ሮጥኩ። ከስተዋል። አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ። ዘርትሁንስ ስል፣ እትዬ ሰው ጭኖ ደሴ ሄዷል አለች። አባባ ድንገት ተነስተው ጓሮ ወጡ። ምን ሆኑ? ነገ እጠይቃቸዋለሁ...

ታኅሣሥ 11
ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተከፈተ። ጎረቤቱ በሙሉ ገባ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። መርዶ እንደሆነ ገባኝ። ግን የማን? አባባ አሉ፣ እትዬ አለች... አባባ ራሳቸው ነገሩኝ።
"ልጄ፣ ኅዳር ሁለት ቀን ጫጫ አጠገብ የዘርትሁን መኪና ተገለበጠ። ቀበርነው። እኔ ዋሽቼ ላናግርሽ አልቻልኩም። ብቻሽን ሆነሽ እንድትሰሚውም አልፈለግሁም።"
ወደቅሁ። ግን መሬት አልነካሁም፤ ስንት እጅ እንደያዘኝ አላውቅም።

ታኅሣሥ 14
አርባው ተደገሰ፣ አለፈ። ተቀይሜያለሁ። እሱ መቃብር ገብቶ እኔ የሳቅሁባቸው ቀኖች አሉ። አፈር ሲገባ አላየሁትም። ለአባባ ይህንኑ ነገርኳቸው። "እውነትሽን ነው" አሉ።
ጎረቤት ግን እስካሁን አልተለየኝም። በየተራ አብረውኝ ያድራሉ። ሳለቅስ ያለቅሳሉ፣ ዝም ስል ዝም ይላሉ። ይህ ባይኖር ምን እሆን ነበር? ሄልጋ ያን ቀን ከእኔ በቀር ማን ነበራት?

ጥር 24
ትናንት ጠዋት የፋብሪካ ጓደኛዬ የመስከረም እናት ለሚ ከተማ ውስጥ አረፉ። መስከረም ለስብሰባ አዲስ አበባ ናት። ቢሮ ውስጥ ሁሉም አንድ ሆነው ቅዳሜ ስትመለስ ትስማ አሉ። እምቢ አልኩ። "ዛሬ ይነገራት። በስልክ ግን አይደለም።" ትንሽ ተከራከሩኝ፤ ኋላ ሥራ አስኪያጁ መኪና ሰጠን። አሥራ አንድ ሆነን አዲስ አበባ ሄድን። 
ያረፈችበትን ክፍል በር ስትከፍት ብዛታችንን አየችና ገባት። ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ያዝኳት።
ያንኑ መኪና ይዘን ወደ ለሚ ተጓዝን። ዛሬ ቀብሩ ላይ ደረሰች።