አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩት ሦስት ክሮች

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተወሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ጠምዝዞ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው፣ ትልቋ ፈተናዋን አለፈች? እማዬ ከዓይኗ ሕክምና በኋላ በደንብ ታያለች? ጋሼንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአካሌ ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ ሥራዬን እሄዳለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እንቢ አለኝ። ግራ ተጋብቻለሁ፣ እትዬ። እንዲህ ግራ ገብቶኝ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው፤ እንደ ልማድሽ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው። ስልክ ያልደወልኩት የቤቱን ስልክ የምታነሳው እማዬ ስለሆነች ነው። አንስታም ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምትለቀው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የተዘጉ ሕንፃዎችን እየዞርኩ ፎቶ እንደማነሳ ስነግርሽ ስቀሽብኛል። ሰው አምሮ ተቀብቶ የቆመ ቤት ፊት ይነሳል፣ አንተ የሸረሪት ድር ታነሳለህ ብለሽኝ ነበር። አልፈርድብሽም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቢሮ መስኮት ስወለውል ስለምውል የሚያብረቀርቅ ነገር ሳያስጠላኝ አልቀረም። አምስት ነን። መሪያችን ጡረታ የወጡ የሊፍት ጠጋኝ ናቸው፤ እኛ አቶ ሊፍት እንላቸዋለን። በዚህ ከተማ ያልወጡበትና ያልወረዱበት ሕንፃ የለም። ሕጋቸው አንድ ነው፦ እጅ ኪስ ውስጥ፣ ዓይን ካሜራ ላይ። ካሜራውን በየትኛው እጅ እንደምንይዘው ነግረውን አያውቁም። ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው፤ ምንም አይነካም፣ ምንም ተይዞ አይወጣም። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ከተዘጋ ሆቴል የእንግዳ መቀበያውን ደወል ይዞ ቢወጣ፣ በሳምንቱ አስመልሰው አቧራው ላይ ክብ ሆና በቀረችው ቦታው አስቀመጡት።

ባለፈው ቅዳሜ የገባነው አንድ ትልቅ የልብስ መደብር ነው። ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ስለሚፈርስ አዲሱ ባለንብረት ለአንድ ቀን ፈቀደልን። የተዘጋው በአንድ ጠዋት ነው ይላሉ። ባለቤቱ ከወንድሞቹ ጋር ተካስሶ፣ ሠራተኞቹ ሥራ ሲገቡ በሩ በፍርድ ቤት ታሽጎ ጠበቃቸው። ስለዚህ ከውስጥ ማንም ምንም አላወጣም። ሻይ የደረቀበት ብርጭቆ፣ ወንበር ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ሹራብ፣ መነጽር ሁሉ እዚያው ነው። የጫማ ክፍሉ ውስጥ የተደረደሩት በሙሉ የግራ እግር ናቸው፤ ሌባ እንዳይወስዳቸው ቀኞቹን መጋዘን ነበር የሚያስቀምጧቸው አሉ አቶ ሊፍት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከጨለማው ጥግ አንዲት ሴት ስትገፋኝ «ይቅርታ እመቤት» ብዬ ዞር ስል የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ኖራለች፣ ያውም ጭንቅላት የሌላት። ጓደኞቼ እስካሁን «እመቤቲቱ እንዴት ናት?» እያሉ ይተርቡኛል።

አራተኛው ፎቅ ልብስ የሚስተካከልበት ክፍል ነው። ስድስት የስፌት መኪናዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። በአንዱ መርፌ ሥር ግማሹ የታጠፈ የሱሪ እግር እንደተያዘ ነው። እሱን ሳነሳ ቆይቼ ወደ መስኮቱ ስጠጋ፣ ከመጨረሻው መኪና በስተግራ ግድግዳው ላይ ሦስት ምስማር አየሁ። በየምስማሩ ላይ አንዳንድ ክር ተንጠልጥሏል።

ስለ ክሮቹ ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር። ግን ዓይኔ ያየውን እንድታምኚኝ አንድ በአንድ እጽፍልሻለሁ። አባዬ ሜትር ማንበብ አይችልም። የሰውን ልክ በክር ይወስድና ለትከሻው አንድ ቋጠሮ፣ ለእጅጌው ሁለት፣ ለወገቡ ሦስት ያስራል፤ ጫፉ ላይ ያለው ትልቁ ቋጠሮ ቁመት ነው። የደንበኞቹ ክር ሁሉ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ደንበኛ ሲሞት ክሩን ጠቅልሎ ለቤተሰቡ ይልካል፤ ቃል አይጨምርበትም። ወደዚህ አገር ሲመጣ የሦስታችንን ክር ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የመጣው። እንዳይምታታበት ከዚያ ከቢጫው ቀሚስሽ ትራፊ፣ ቀይ እንቡጥ ካለበት፣ ቁራጭ ቁራጭ ሰፋባቸው። ያንቺ ላይ አንድ ጥልፍ፣ የእኔ ላይ ሁለት፣ የትንሹ ወንድማችን ላይ ሦስት።

ያ ቢጫ ጨርቅ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ እትዬ። ፀሐይ በልቶታል፣ እንቡጡ ግን ይታያል።

ክሮቹ ግን ተቀጥለዋል። ከጫፋቸው አጠር ያለች ክር ታስራ፣ ከሷ ጫፍ ደግሞ ሌላ፣ በየመጨረሻው ትልቁ ቋጠሮ እንደገና ተቋጥሯል። ቆጠርኳቸው። ያንቺ አምስት ቦታ፣ የእኔ አሥራ አንድ፣ የትንሹ አሥራ አምስት። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ ስቆጥር ነው የበራልኝ። አባዬ ሲሄድ አንቺ አሥራ ሦስት፣ እኔ ሰባት፣ ትንሹ ሁለት ዓመቱ ነበር። ምን ያህል እንዳደግን ስለማያይ በየዓመቱ በግምት አንዳንድ ቁራጭ ሲቀጥልልን ኖሯል፤ አሥራ ስምንት ሲሞላን ያቆማል። መደብሩ ሲታሸግ ትንሹ በእሱ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ነበር።

አባዬ ግን በሄደ በሁለት ዓመቱ ሞቷል። አይደለም እንዴ? ለቅሶ ተቀምጠናል፤ አንቺ ድምፅሽ እስኪዘጋ አልቅሰሻል። የሞተ ሰው ለአሥራ ሦስት ዓመት ክር ይቀጥላል? ትንሹስ ቢሆን? በአምስት ዓመቱ በዚያ ትኩሳት ያረፈውን ልጅ ማን ነው እስከ አሥራ ሰባት ያሳደገው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ ግን ጉዱን በእጄ ይዤ እንኳ ማመን አቃተኝ።

አቶ ሊፍት ፍለጋ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እጄ ኪሴ ውስጥ እንዳልነበረ አይተዋል። የማን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ የአባቴ ነው አልኳቸው። ፊታቸውን አዙረው የሊፍቱን በር ሲመረምሩ ቆዩ፤ ያ ሊፍት እኮ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እኔም ሦስቱንም ክር አውርጄ ደረት ኪሴ ከተትኩ። ስንወርድ በዚያ ክፍል ትሠራ የነበረች ቁልፍ ሰፊ እንደሚያውቁ፣ ከገበያው ጀርባ እንደምትኖር ነገሩኝ።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ሴትዮዋ አርጅተዋል፤ ጣታቸው ግን ዛሬም መርፌ የያዘ ይመስል አንድ ላይ እንደተጣበቀ ነው። ክሮቹን ጉልበታቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው የማን እንደሆኑ ለመጠየቅ እንኳ ፋታ አልሰጡኝም። «የአባ ክሩ ልጅ ነህ» አሉኝ። «ትልቁ ነህ ትንሹ?»

ትልቁ ነኝ አልኳቸው። የትንሹን መሞት ግን አልነገርኳቸውም።

የነገሩኝን ሳላስጌጥ ልጻፍልሽ። አባዬ እዚህ በመጣ በሁለተኛው ዓመት የራሱን ልክ የያዘውን ክር ጠቅልሎ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለእማዬ ላከ። ልብስ ሰፊ ለራሱ አይለካም፣ እንደ ድሮው ሚስቴ ሸሚዝ ትስፋልኝ ብሎ። መልእክቱን ለሾፌሩ በቃል ነው የነገረው። ለእኛ የደረሰው ክሩ ብቻ ነው። ትዝ ይልሻል፣ ሾፌሩ ለጎረቤታችን ለባለሱቁ ጥሎት ሄደ። እማዬ ጥቅሉን ፈትታ ቋጠሮውን በጣቷ ስትዳስስ የአባዬ ልክ መሆኑን አወቀች። በእኛ ቤት ተጠቅልሎ የሚመጣ ክር አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ጮኸች፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ አለቀ። ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ ይሄ ደግሞ የምን ክር ነው ብለው ሾፌሩን አሳደው ይጠይቁት ነበር። እኛ አዋቂዎች ነንና ማንንም አልጠየቅንም። በአንድ ክር ገደልነው።

እሱ ደግሞ ሸሚዝ ጠበቀ። ሲቀርበት ሦስት ጊዜ ሰው ላከ። እኛ ግን ሱቁን ለቀን አጎታችን ሰፈር ገብተን ስለነበር የተላኩት ሁሉ የሚያገኙት የተዘጋ በር ነው፤ ለቀው ሄደዋል፣ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም እያሉ ይመለሱበታል። ራሱ እንዳይሄድ የመኖሪያ ወረቀቱ አልቆ ነበር፤ ከወጣ መመለስ የለም። በመጨረሻ ትተውኛል ብሎ ዝም አለ። ይህን ስሰማ አዘንኩም፣ ተናደድኩም። በሸሚዝ? ሰው በሸሚዝ ምክንያት ተስፋ ቆርጦ ልጆቹን ይተዋል? ሴትዮዋን ይህንኑ በቁጣ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው ምን አደረጉኝ? አልተቆጡኝም። መደብሩ በታሸገ ሰሞን አባዬ ስድስት ቀን በሩ ላይ ቆሞ ዘበኛውን ሦስት ክር ብቻ አውጣልኝ እያለ ሲለምን እንደነበር ነገሩኝ። ዘበኛው አብዷል ብሎ ይስቅበት ነበር።

ከዚያ «ነበር» እያልኩ ሳወራ ሰምተውኝ ቆዩና፣ «ለምን ነበር ትላለህ? አለ እኮ» አሉኝ።

አለ፣ እትዬ። ከዚህ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ፣ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ይጠግናል። ቁጥሩን ጽፈው ሰጡኝ። አራት ዓመት ሙሉ የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጬ የሰው መስኮት ስወለውል ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እፈራለሁ። እማዬን ምን እናድርጋት? በስተርጅናዋ የሁለት ሰው ሚስት ነሽ ትባል? ከለቅሶው በኋላ ያገባቻቸው ጋሼስ? ትምህርት ቤት እጄን ይዘው የወሰዱኝ፣ ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አባዬን ባገኝ እሳቸውን የካድኩ ይመስለኛል፤ ባላገኝ ደግሞ አባዬን ሁለተኛ ልገድለው ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ክፍሌ ውስጥ ክሩን አውጥቼ ራሴን ለካሁበት። በስንዝር ይበልጠኛል። በአባዬ ሐሳብ እኔ በር ሳልጎነበስ የማላልፍ ሰው ነኝ። የትንሹ ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከእኔ ክር ይረዝማል።

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩ። «ልብስ ሰፊው ነኝ» አለ። ድምፁን አላወቅሁትም፤ ሲሄድ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባዬ ልለው አፌን ከፍቼ ሸሚዝ ላሰፋ ነበር አልኩት።

«ልክህን ይዘሃል?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት።

«እንግዲያው መምጣት አለብህ፣ የእኔ ልጅ። በስልክ ሰው አይለካም። ቅዳሜ ና።»

ሊዘጋ ሲል ጨርቁን እንዲያዘጋጅ ረጅም ነህ አጭር ብሎ ጠየቀኝ። መካከለኛ ነኝ አልኩት።

ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ትንሹ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሳይጨርስ የቀረው የእሱን ክር ነው። አንቺ ብትሆኚ ምን እንደምትዪው ብጠይቅሽ ደስ ባለኝ። ደብዳቤው ግን ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። አንቺ ይህን ስታነቢ እኔ የምለውን ብያለሁ፣ እሱም የሚሆነውን ሆኗል። ለእማዬ መናገር አለመናገሩን ግን ያለ አንቺ አልወስንም፤ እስኪ አንቺም አስቢበት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ለምን እንዲህ አጥብቀሽ እንደሳምሻት ብትጠይቅሽ ልጅሽ ናፍቀሽው ነው በያት። ለጋሼ ልጅዎ ሰላም ብሎዎታል በይልኝ፣ ልጅዎ የሚለውን ቃል እንዳትዘዪው። አጎታችንን፣ ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ። ትልቋን በትምህርቷ አበረታቻት፤ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ ከዚህ በኩል ሰላምታ የሚልክልሽ ከእኔ ሌላ ሰው ኖሮ አያውቅም። አሁን አንድ ሰው አለ። እሱ ግን ነገ የሚጠብቀው ሸሚዝ የሚያሰፋ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ደንበኛ ነው።

ወንድምሽ

ከተከራየሁባት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር
ዓርብ ጠዋት፣ ጥር ፲፮ ቀን