ውሃው ሳይቀንስ

ጥቅምት 4

ላውንደሪው ዛሬም ጭቅጭቅ። ሰውዬው ኮቱ ላይ ያለችውን የዘይት ጠብታ እናንተ ናችሁ ያመጣችኋት ብሎ ድርቅ አለ። ይዞት ሲመጣ በዓይኔ ያየሁትን! አለቃዬ ደግሞ እሱን ይቅርታ ጠየቀውና ወደ እኔ ዞሮ አፈጠጠ። ይሁን።

ከሰዓት አስፈቅጄ እማዬን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። የዓይኗ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል አለ። «የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታውን አታቋርጡ።» እማዬ አንገቷን ነቀነቀች፣ አመሰገነችው፣ ወጣን። ታክሲ ውስጥ ጠብታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና...

«እንግዲያው ያን ፏፏቴ አንዴ ልየው።»

ጫካ ውስጥ ያለውን ነው። አባዬ እንጨት የሚጭን መኪና ሲነዳ፣ ገና እንደተጋቡ፣ ወስዶ ያሳያት። ስንት ጊዜ ነግራናለች። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ውሃው አሁን ሙሉ ነው አለች። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው፣ ምን አለው?

ለወንድሞቼና ለእህቴ ደወልኩ። ጋሼ እሺ። እትዬ እሺ። ጋራዥ የሚሠራው ወንድሜም «መኪናው በእኔ» አለ። እሱን «ነገ» ነው የምንለው፣ መልሱ ሁልጊዜ ነገ ስለሆነ። ዛሬ ግን ወዲያው እሺ አለ። ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 7

ጋሼ ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈተ። «የፏፏቴ ጉዞ»። እኛ አራታችን አለን፣ እማዬ የለችም። የእሷ ስልክ መደወልና ማንሳት ብቻ ነው የሚያውቀው። የጉዞው ባለቤት ጉዞው ውስጥ የለችም ማለት ነው... አልኩ ለራሴ።

እሷ እቴ፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ገዝታለች። ቤት ውስጥ አድርጋው ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን። «ላላምደው ነው» ትላለች።

ጥቅምት 15

አልሄድንም። የእትዬ ልጆች ፈተና ደረሰ። እሺ፣ ፈተና ነው። እኛ እንሂድ አልኩ።

ጋሼ፦ «ሁላችን ካልተሟላን አንሄድም። የአባታችንን ሕግ ረሳሽው?»

አልረሳሁም። አንድ ሰው ከጎደለ እጁን ወደ ማዕድ የሚሰድ አልነበረም። እትዬ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ምግቡ በረዶ ሆኖ ስንጠብቅ፣ ወንድሜ ነገ በርሀብ ሲያለቅስ... አባዬ ፍንክች አይልም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ለምግብ የወጣ ሕግ ለዓይን ይሠራል? ምግብ ይሞቃል።

ጥቅምት 26

ተራዘመ። የነገ መኪና ፍሬኑ አስቸገረ። ጋራዥ ለሚሠራ ሰው!

ኅዳር 9

ደሜ ፈልቷል።

ጋሼ ስብሰባ አለብኝ አለ። ሌሎቹ በአንድ አፍ «በቃ በሌላ ቀን»። እኔ ብቻዬን ልውሰዳት ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ወዲያው ደወለ።

«ብቻሽን? መንገዱ ላይ ብትወድቅስ? ማን ይጠየቃል?»

«እኔ እጠየቃለኋ።»

«እናት የጋራ ናት። ከእኛ ነጥቀሽ...»

ነጥቀሽ! ጠብታውን በየማታው የማደርግላት እኔ። ደረጃ ስትወርድ ክንዷን የምይዝ እኔ። ያን ጊዜ የጋራ መሆኗ ትዝ የሚለው አልነበረም። ምን ልበለው? ታላቄ ነው። እሺ ጋሼ ብዬ ዘጋሁና ትራሱን በቡጢ ነረትኩት።

ማታ ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ውጭ አፈሰሰችው። ቶሎ ብዬ ጠረጴዛውን ጠረግሁ፣ ሳታውቅ። አወቀች መሰለኝ።

ኅዳር 10

እትዬ ከኢንተርኔት ያገኘችውን የፏፏቴውን ቪዲዮ ላከች። «እስከዚያው ለእማዬ አሳዪያት።» እስከዚያው! እስከ መቼው?

እማዬ ስልኩን አፍንጫዋ ጋ አስጠግታ ያዘችው። መልሳ ሰጠችኝ።

«ድምፁ ያምራል» አለች።

ድምፁ?

ኅዳር 28

የዛሬውስ ጉድ ነው። ቀን ሊቆረጥ ነው ብዬ ግሩፑን ብከፍት ስለ ቲሸርት እየተነጋገሩ ነው። ሁላችንም አንድ ዓይነት እንልበስ፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ጀርባው ላይ ምን ይጻፍ? ሰማያዊ ይሁን ወይስ ነጭ? ነጭ ይቆሽሻል። ጋሼ ደግሞ ቲሸርቱ እስኪደርስ ጉዞው ወደ ጥር ይዛወር አለ። ጥር!

እርር ድብን አልኩ። ካውያ እያሞቅሁ በአንድ እጄ ጻፍኩላቸው፦ «ውሃው እየቀነሰ ነው። ዓይኗም እየቀነሰ ነው። የሁለታቸውም ቀጠሮ እናንተ ጋ አይደለም።» ጋሼ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እትዬ «አትቆጪ የእኔ እናት» አለችኝ። ነገ የአውራ ጣት ምልክት አደረገ።

የማን ሸሚዝ እንደሆነ እንጃ፣ ክሳዱን ለትንሽ ላቃጥለው ነበር።

ታኅሣሥ 1

የእረፍት ቀኔ ነው። ጠዋት ስነሳ እማዬ ለብሳ፣ ያን ጫማ አጥልቃ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። ማሰሪያውን አዛንፋ ነው ያሰረችው።

«ተነሺ።»

«ወዴት?»

«እነሱ እስኪስማሙ እኔ እታወራለሁ። ተነሺ።»

ለማንም አልደወልኩም። ማሰሪያውን ፈትቼ አስተካከልኩላትና ወጣን። አሁን አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ጽሑፌ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነው። እማዬ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች።

ታኅሣሥ 2

ትናንት ስንመለስ መጻፍ አቃተኝ። ዛሬ ልሞክር።

ከአስፋልቱ ወርደን ጫካው ውስጥ ገባን። እኔ ከፊት፣ እሷ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ። «ሥር አለ፣ እግርሽን አንሺ» እላታለሁ፣ ታነሳለች። አንዴም አልወደቀችም። ጋሼ ይሄን ቢያይ... የውሃው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማት እጇ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ። «እሱ ነው» አለች። ከእኔ ቀድማ ነው የሰማችው።

ደረስን። ውሃው ቪዲዮው ላይ እንዳለው አይደለም፣ ቀጥኗል። ግን ይወርዳል፣ ነጭ ሆኖ፣ ከጥቁሩ ቋጥኝ ላይ። ያምራል። እማዬ ቀና አለች። ጠበቅኋት።

«የቱ ጋ ነው?»

የምትቀልድ መሰለኝ።

«ከፊትሽ ነው እኮ እማዬ።»

አገጯን ይዤ ቀስ አድርጌ አዞርኩላት። እንዲህ፣ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ። ዓይኗን ጠበብ አደረገች፣ ከፈተች፣ እንደገና ጠበብ።

«ሰማዩ ነው ወይስ ውሃው?» አለች።

እጄን ከአገጯ ላይ አነሳሁ።

እንዳስጠጋት ለመነችኝ። ያዝኳትና ፍንጣቂው እስኪነካን ሄድን። ሻሿን አወለቀች። ፊቷ ራሰ። ሳቀች፣ እንደ ልጅ። «አባትሽ እዚህ ቆሞ ሲጮህብኝ በውሃው ድምፅ አልሰማሁትም ነበር፣ ለካ ተመለሽ፣ ትወድቂያለሽ እያለኝ ነበር።» ሳቀች፣ ሳቀች። ማልቀሴን እንዳታይ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ምን ማዞር ያስፈልገኝ ነበር?

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጄን ያዘች።

«ለልጆቹ አየችው በያቸው። እንዳይቆጫቸው።»

ልጆቹ! ጋሼ እኮ ሽበት በሽበት ነው። ይቆጫቸው እንጂ! ለምን አይቆጫቸውም? አልኳት። እጄን ጫን አደረገች። «በያቸው።»

ዛሬ ጠዋት እማዬን ወስጃት መመለሳችንን ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፣ ጋሼ መለሰ። «ሳንሟላ መሄዳችሁ በጣም አሳዝኖኛል። ለማንኛውም፣ አየችው?»

«አየችው። በደንብ» ብዬ መለስኩ።

እትዬ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች። ነገ አውራ ጣት። ጋሼ ቲሸርቶቹ ታዘዋል፣ በጥር ሁላችን ተሟልተን እንደግመዋለን አለ።

እዚህ ግን የምጽፈው ለራሴ ነው። በጥቅምት ብንሄድ ታየው ነበር።

አላየችውም።