ደቦ ተብሎ ስለተጠራው የከሰል ጭነት

ለክቡር ዳርካንባይ ኦሞሮቭ፣ የሸለቆአችን የጭነት መኪናዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ምድጃ ጤና እመኛለሁ። በዚህ ታኅሣሥ ሌሎቻችን ትንፋሻችንን እያየን ስንነጋገር፣ እርስዎ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ሲሠሩ ማየት ለአባላትዎ ትልቅ መጽናኛ ነው።

እኔ ቡሩልካን ኬንጄባይ ቂዝ፣ በድሮው የመንግሥት ትራንስፖርት ጣቢያ ሃያ ስምንት ዓመት የጉዞ ወረቀት የጻፍኩ፣ ጎማው ያለቀ መኪና ከግቢ እንዳይወጣ በመከልከሌ ብዙ የተረገምኩ ሴት ነኝ። ዛሬ ካማዝ የሚባል የአንድ ጭነት መኪና ባለቤት ነኝ፤ የሚያሽከረክረው ልጄ ኤሰንጉል ነው። ከማዕድን ማውጫው ከሰል ጭኖ በኪዛርት የተራራ መተላለፊያ ወደ ከተማ እንዲያወርድ ባለፈው ሰኞ በስልክ ጠይቀውት ነበር። እርስዎ በቆረጡት ዋጋ እንሂድ ወይስ እንቅር ብለን ሦስት ቀን ከተጨነቅን በኋላ የሰጠነውን መልስና ምክንያቱን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ በር ላይ ለጥፌአለሁ።

፩. ስለ ደቦ። የዛሬ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤቱ ከሰል አልቆ ልጆች በጓንት ሲጽፉ፣ እርስዎ ደቦ ጠርተው አሥራ አንድ ሾፌሮች በነጻ አጓጓዙ። መልካም አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ግን ለከተማ ነጋዴ የሚሸጠውም ከሰል ሁሉ ደቦ ሆኗል። እዚህ አገር ደቦ እምቢ ያለ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍርለት እንደማያገኝ እርስዎም ያውቃሉ፤ ሾፌሩም ያውቃል። ኤሰንጉል ክፍያው ከነዳጅ እንደማያልፍ በትሕትና ቢያስረዳዎ፣ «አንተ ልጅ፣ ደቦ ላይ ሂሳብ ይጠየቃል እንዴ? አባትህ ቢሰማህ ያፍርብህ ነበር» አሉት። የሟች ባለቤቴን ስም ስላስታወሱ አመሰግናለሁ። እርሱ በሚያውቀው ደቦ ግን ጠሪው በግ ያርድ ነበር። በእነዚህ ሁለት ክረምቶች የበግ ሽታ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በቀር ከየትም አልመጣም።

፪. ስለ ጭነት ተራ መዝገብ። ጥሪዎን ያልተቀበለ ሰው ስሙ ወደ ግርጌ ይወርዳል። ኤሰንጉል ሦስተኛ ነበር፤ አሁን አርባ አንደኛ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ ሥራ እንደማይደርሰው ስለገለጹልን፣ ጊዜያችንን ስለቆጠቡልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

፫. ስለ ጎማ። ከአሥሩ ጎማዎቻችን ደኅናዎቹ አራት ናቸው። በደኅና ዋጋ ሁለት ጊዜ ብንጭን የቀሩትን በቀየርን ነበር፤ በዚህ ዋጋ ግን አራቱም ያልቃሉ። ልጄ፣ «እማዬ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ» አለኝ። በኪዛርት ቁልቁለት ቀስ ብለው የወረዱ የሦስት ሰዎችን የጉዞ ወረቀት በዚህ እጄ ዘግቻለሁ።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት በአክብሮት እምቢ አልን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭነቱን ለጎረቤታችን ለሱዩን ሰጡት፤ ቅልጥፍናዎ ያስደንቃል። ሱዩን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከአሥሩ ደኅና ጎማው ስድስት ነው።

አርብ ሚስቱ ጂፓር፣ ስምንት ወር የገባ ሆዷን ይዛ፣ አጥሩ ጋ መጣች። ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ «እማማ ቡሩልካን፣ እናንተ እኮ ላሞች አሏችሁ። እኛ ያለን መኪናው ብቻ ነው» አለችኝ። እምቢታዬን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው አድሬ ነበር፤ ለካ አደጋውን ከልጄ ላይ አንስቼ አጥር ያሻገርኩት ነው።

ትናንት ኤሰንጉል ሳያማክረኝ አራቱን ደኅና ጎማዎች ለሱዩን ሊሰጥ መፍታት ጀመረ። ወጥቼ ብሎኖቹን ቆጠርኩለት፤ እያንዳንዱ ጠብቆ እስኪታሰርም ከሱዩን መኪና አጠገብ አልተንቀሳቀስኩም። የእኛ ካማዝ አሁን ድንጋይ ላይ ቆሟል። ከሁለት መኪና አንድ ሙሉ መኪና ወጣ።

በአፌ እምቢ ያልኩትን ዋጋ በጎማዬ እሺ ማለቴ አይጠፋኝም። በሚመጣው ወር ዋጋውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ «ይኸው በዚህም ተጭኗል» ብለው እንደሚጠቅሱትም አውቃለሁ። ሦስት ቀን ያሰብኩበት ነገር በአንድ ቀን ከእጄ ወጣ። ሱዩን ግን በስድስት ደኅና ጎማ ብቻ ሲወርድ ማየት አልቻልኩም፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያውቁ ከሆነ በደስታ እማራለሁ።

ምድጃዎ እንዳይጠፋ፣ ስልክዎ እንዳይዘጋ፣ የአባላትዎም ትዕግሥት ከጎማቸው የበለጠ እንዲቆይልዎ እየጸለይኩ፣ በተራ ቁጥር አርባ አንድ ሆኜ ለእርስዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ አቀርባለሁ።

ቡሩልካን ኬንጄባይ ቂዝ

ተጨማሪ፦ ሱዩን ነገ ሰኞ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። በአባቶቻችን ደቦ ጠሪው ከሠራተኛው ፊት ይቀድም ነበር፤ በሱዩን መኪናም የፊተኛው ወንበር ክፍት ነው። ጂፓር ብርድ ልብስ አዘጋጅታልዎታለች። ቁልቁለቱ ሲጀምር በሩን እንዳይቆልፉት ልምከርዎ፤ ሾፌሮቹ የማይቆልፉበት ምክንያት አላቸው፤ መዝለል ሊያስፈልግ ይችላል።