በሙሉ ድምፅ ሞተሃል

ጂንካ፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ኦሞራቴ ላለኸው ለቤቴ አባወራ፣

እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ላይ «ከናፍቆትህ በቀር» የሚባል ነገር ይገባ ነበር፤ ዘንድሮ ዘለልኩት። ጤናህን የምጠይቅህ ግን ለወግ አይደለም። እኛ ሰፈር ስለ ጤናህ የሚወራው ጥሩ አይደለም። ከዚያ የሚመጡት ሾፌሮች ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል ይላሉ። ማን እንደሚያበላህ አልጠየቅኋቸውም።

ነገሩን ከሽንት ቤቱ ልጀምርልህ። በክረምቱ ዝናብ የግቢያችን ሽንት ቤት ሰመጠ። አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ እሱም በመንገዱ በኩል ያለው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላምታ የሚሰጠን የት እንዳለን እያየ ነው። ለቀበሌው አመለከትን፣ ደግመን አመለከትን፤ በመጨረሻ የኪራይ ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ክፍል ዘሩባቤል የሚባል ወጣት ላከልን። ትሁት ልጅ ነው፤ ሲናገር ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ዘመኑ ተለውጧል አለን። ከእንግዲህ ስለ ቤቶቹ ጥገናም ሆነ አገልግሎት የሚወስነው ቢሮው ሳይሆን ተከራዩ ራሱ ነው። ስሙም «አሳታፊ አሠራር» ነው። ድሮ ቢሮው ይወስንና እኛ ቢሮውን እናማ ነበር። አሁን እኛ እንወስንና አንዳችን ሌላችንን እናማለን። ለቢሮው ትልቅ እረፍት ነው።

ቅዳሜ፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ፣ ቧንቧው አጠገብ ተሰበሰብን። የተከራዮች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ ይሁኔ ሆነ። ታስታውሰዋለህ፣ ከግቢው በር በስተግራ ያለችውን ክፍል የበቆሎ መጋዘን ያደረጋት ጎረቤታችን። ክፍሏ በወንድሙ በወልደ ጊዮርጊስ ስም ናት። ወልደ ጊዮርጊስን ቀብረነዋል፤ አንተም ቃሬዛውን ተሸክመሃል። በቀበሌው ወረቀት ላይ ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ኪራዩንም ሳያዛንፍ ይከፍላል። ሰውየው በቁሙ እንዲህ ጠንቃቃ አልነበረም።

ዘሩባቤል ንድፉን ዘረጋ። አዲሱ ሽንት ቤት ውሃ የተሳበለት ይሆናል፤ የሚሠራውም በሩ አጠገብ ነው፤ የፍሳሽ መምጠጫው መኪና ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባምና። ስለዚህ በሩን ግራና ቀኝ ከያዙት ሁለት ክፍሎች አንዱ ይፈርሳል። በግራ የይሁኔ በቆሎ፣ በቀኝ እኔ። የትኛው እንደሚፈርስ እናንተው ወስኑ አለን፣ ስጦታ እንደሚያድል ሰው ፈገግ ብሎ።

ጎረቤት ጎረቤቱን «ያንተ ይፍረስ» ለማለት ቀን ይፈልጋል። ያኔ ይሁኔ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መመሪያው ምን ይላል ብሎ ጠየቀ። የሚለውን ሳያውቅ የሚጠይቅ ሰው አይመስለኝም። ዘሩባቤል አነበበ፤ ውል የፈረመው ተከራይ በቤቱ የማይኖር ከሆነ ቅድሚያ የሚፈርሰው የእሱ ክፍል ነው። ይሁኔ ደመና እንዳለ ለማየት ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

ውሉ ላይ ያለው ያንተ ስም ነው። እኔ እየኖርኩበት ነው እኮ አልኩ። ዘሩባቤል ከልቡ አዝኖ የጋብቻ ወረቀት ጠየቀኝ። ይህን ነገር ባነሳሁብህ ቁጥር «ወረቀት ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትለኝ ነበር። ምን እንደሚያደርግ ይኸውልህ አወቅን። እንግዲያው ቲቸር፣ አለኝ፣ በመመሪያው መሠረት አንቺ ሦስተኛ ወገን ነሽ። ጣሪያውን ያስቀየርኩ፣ ግድግዳውን በየዓመቱ የምለስን፣ በየወሩ ተሰልፌ ኪራይ የምከፍል ሦስተኛ ወገን። ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ሾፌሮቹ ሳያውቁ አይቀሩም።

የግለሰብ ቤት ኪራይ ለአስተማሪ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አያስጠጋኝም፤ ሳውላ የምመለስበት ቤት የለኝም፤ ወላጆቼን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ያቺ ክፍል ከፈረሰች መጽሐፎቼን ተሸክሜ አውራ ጎዳና ላይ መቆሜ ነው።

እታለም፣ ጎመን ነጋዴዋ፣ ግድግዳ የምጋራት፣ እጇን አወጣች። ተከራዩ ቢሞትስ መመሪያው ምን ይላል? ዘሩባቤል ገጽ ገልብጦ፣ ከሟች ጋር ትኖር የነበረች ሴት በጎረቤት ምስክርነት ውሉ ይዞርላታል አለ። እታለም ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲያው ሞቷል» አለች።

ዘሩባቤል ብዕሩን አነሳና በምን እንደሞትክ ጠየቀ። እታለም «ወባ» ስትል፣ ሊያግዛት የፈለገው ዘበኛው ኤርጎ እኩል «አዞ» አለ። ዘሩባቤል ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። እታለም ሳትደናገጥ፣ ወባው ይዞት፣ ሊታጠብ ወንዝ ወርዶ፣ አለች። ኤርጎ፣ ትልቅ አዞ፣ ብሎ ጨመረ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፤ ለቢሮ ሥራ የሚመች ሞት ነው።

ይሁኔ ፊቱ ጠቆረ። ይህ ሰው በሕይወት አለ፣ ለፋሲካ ወይጦ ላይ አብረን ሥጋ በልተናል፣ ሊል አፉን ከፈተ፤ ከከንፈሩ አነበብኩት። እታለም ግን ቀደመችው። «ይሁኔ፣ ወንድምህ ወልደ ጊዮርጊስ እንዴት ነው? ሰሞኑን አላየሁትም» አለችው፣ እንደ ጠዋት ሰላምታ አለስልሳ። አንድም ሰው አልሳቀም። ግቢው በሙሉ የወልደ ጊዮርጊስን አፈር የመለሰ ነው። ይሁኔ በቆሎው ያለበትን በር አየ፣ እታለምን አየ። «ደህና ነው» አለ። ድምፁ ከጉድጓድ የወጣ መሰለ።

ግን እንዲሁ አልተሸነፈም። መልካም፣ አለ፣ ምስክር ይቆየንና ቲቸር ራሷ በአፏ ትናገር።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ልጆችን «ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱ» እያልኩ ያረጀሁ ሴት አንድ ቃል አጣሁ። እውነቱን ልናገር ነበር፣ እመነኝ። የፓምፕ ሞተር ልጠግን፣ ለሦስት ወር ብሎ ነው የሄደው፤ ሥራው በዝቶበት ነው፤ ይመጣል። ይህን ስንቴ ለስንት ሰው እንዳልኩት! እዚያ ቆሜ ግን አንድ ነገር ታየኝ። በሕይወት ካለህ ለምን እንደማትመጣ ማስረዳት አለብኝ። ከሞትክ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። «እሱ…» አልኩ፤ የቀረው አልወጣም። ማልቀሴን ያወቅሁት እታለም በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ስትጠርግልኝ ነው።

ዘሩባቤል ኮፍያውን አወለቀ። በአሠራሩ መሠረት ከመቀመጫችን ተነሥተን የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት ተደረገልህ። ከዚያ እጅ ወጣ። የመጨረሻው እጅ የይሁኔ ነበር፤ ከባድ ጆንያ እንደሚያነሳ ሰው ቀስ አድርጎ አወጣው። በሙሉ ድምፅ ሞተሃል። ይሁኔም የበቆሎውን ክፍል ለልማቱ በራሱ ተነሳሽነት ለቀቀ ተብሎ በቃለ ጉባኤው ተመስግኗል።

ሰው ሲበተን እታለም ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ አንቺ ጉደኛ፣ እኔ እንኳን አመንኩሽ አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት።

እዚህ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ወንደሰን ግን የሰማውን ሰምቶ እየተንጨረጨረ መጣ። አባላችን ሞቶ ከእድሩ በፊት ቀበሌ ይረዳል? እንዴት ተናቅን! ምን ልበለው? ዘሩባቤል ለቅሶ እደርሳለሁ ብሏል። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ እኔም ጥቁር ለብሼ ተቀመጥኩ። የአጥቢያው ዘማሪዎችም ዘመሩልህ። የኤርጎ አዞ በየቀኑ አንድ ክንድ እየጨመረ ሄደ። ይሁኔ ስለ ደግነትህ የተናገረውን ብትሰማ አንተም አታምነውም፤ ስለ ራስህ አዲስ ነገር ባወቅህ ነበር። እድሩ ለሐዘንተኛ የሚሰጠውን አልቀበልም፣ ለሽንት ቤቱ በር ይሁን አልኩ። ጥሩ የብረት በር ነው፤ መታሰቢያህ ነው።

ሾፌሩ ፋሲልም መጥቶ ነበር። ከለቅሶው አንድ ሳምንት በፊት ኦሞራቴ ካንተ ጋር ዓሣ የበላው ፋሲል። ዓይኔን እያየ ነፍስ ይማር አለኝ፤ ንፍሮውንም በላ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህም እሱ ነው። ለራሱ በእጁ ስጠው፣ ቤት ውስጥ ለሚቀበልህ ሰው እንዳትሰጥ አልኩት። ቤት ውስጥ ማን አለ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም፤ አንገቱን ብቻ ደፋ።

ትናንት አዲሱን ውል ሰጡኝ። ከስሜ ሥር «የሟች ባለቤት» ይላል። እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ የመጀመሪያው ቢሮ ነው። ክፍሏ የኔ ናት፤ ከፊት ለፊቷ የይሁኔ ግድግዳ ፈርሶ ጉድጓዱ እየተቆፈረ ነው።

ስለዚህ አትምጣ። ከመጣህ እኔ እወጣለሁ፤ እታለምና ኤርጎ በሐሰት ምስክርነት ይከሰሳሉ። ልብሶችህን እንደ ደንቡ ሰጥቻለሁ፤ ሱሪዎቹ ለኤርጎ ልክ ሆነውታል። ሰማያዊው ሹራብ ግን ለማንም አልሆነም ብያለሁ። ማንንም አላስለካሁም። ጥቁሩንም ገና አላወለቅሁም፤ እታለም አሁንስ ይበቃል፣ ዘሩባቤል እንኳን ረስቶታል ትለኛለች።

ዕድሜህን ያርዝምልህ፤ ከወባውም ከአዞውም ይጠብቅህ። ይህን የምመኝልህ ከልቤ ነው። ብቻ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ኑር።

ባለቤትህ