ወባ ቢሆን እነግርሽ ነበር

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽን አምስት ክረምት አለፈ። ኮኪት እንደተውሽው ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ጭቃው ትራክተር ይውጣል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሙቀቱ ይመለሳል። እህቴ ትርንጎ ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ ቁጣዋ ቁርጥ አንቺን። በር ላይ የተከልሽው የኒም ዛፍ የጣሪያውን ቆርቆሮ አልፎ ሄዷል። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ቀትር ላይ ጥላው ሥር ይጋደማሉ። ትርንጎ እንዳንቺ ውሃ ትሰጣቸዋለች፤ እንዳንቺ ግን አትሳደብም።

በረኛ ሆኜ መቅረቴ መቼም ገርሞሽ አያልቅም ነበር። ሌላው ላቡ ጠብ እስኪል ሲሮጥ የእኔ ልጅ ቆሞ ደመወዝ ይበላል እያልሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወሪ ነበር። ኳስ መያዝ ያስተማርሽኝ ግን አንቺ ነሽ። የሰሊጥ ነዶ ስታቀብይኝ ፍሬው እንዳይረግፍ እንደ ሕፃን አቅፈህ ተቀበል ትይኝ ነበር፤ ካረገፍኩ ደግሞ ወዮልኝ! አሠልጣኞቼ እጅህ ለስላሳ ነው ሲሉኝ፣ የሰሊጥ እጅ መሆኑን የት ያውቃሉ።

ያ ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ ውድድሩ በአንድ ከተማ ሆነና ቡድናችንን ሆቴል ውስጥ ዘጉበት። ከሆቴል ሜዳ፣ ከሜዳ ሆቴል። ተመልካች የለም፤ ኳስ ባድንም የሚያጨበጭብ የለም። ከዚያ ምርመራው በሽታው አለብህ አለና ለብቻዬ ክፍል አስገቡኝ። አላሳለኝም፣ አላተኮሰኝም። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው አንኳኩተው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በስድስተኛው ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር። እንዳልፈዝ ብዬ ኳስ ከግድግዳው ጋር ስመታ፣ ተመልሶ ሲመጣብኝ ፈራሁት። በረኛ ኳስ ሲፈራ እስቲ አስቢው።

አንቺ የደወልሽው ያን ቀን ነው። ድምፅህ አልጣመኝም፣ ምን ሆነሃል አልሽኝ። ደህና ነኝ፣ ኔትወርኩ ነው አልኩሽ። ወባ ቢሆን እኮ እነግርሽ ነበር! በእኛ አገር ወባ የሚያፍሩበት በሽታ አይደለም፤ ሰው ገበያ መሃል ቆሞ ያወራዋል። ይህንን ግን ምን ብዬ ልጥራው? ይህን የሚያህል ቁመት ይዤ፣ በቀን ሦስቴ እየበላሁ፣ ፈራሁ ልበልሽ? ለካ አንቺም በወባ ተኝተሽ ነው የደወልሽው። ወባሽን ለገበያው ሁሉ ስታወሪ የኖርሽ ሴት ለእኔ ደበቅሽኝ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ተባብለን ስልኩን ዘጋን።

ከዚያ በኋላ የምታነሳልኝ ትርንጎ ሆነች። እማ ጸበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ አይሠራም ትለኛለች። አንቺ ግን ካረፍሽ ሰንብተሽ ነበር። እንዳይነግሩኝ የከለከለው አጎቴ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አይዞህ ባይ በሌለበት ክፍል ተዘግቶበት ሳለ እንዴት ይነገረዋል፣ መጥቶ በወገኑ መሃል ይስማ አለ። አልፈርድበትም። የአገሩ ወግ ነው።

አሁን የምነግርሽን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ትርንጎ ጸበል ሄደች ስትለኝ እፎይ አልኩ። በድምፄ የምታውቅብኝ አንቺ ብቻ ነበርሽና፣ አንቺን ከመዋሸት ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። አፈር በበላሁ፣ እማ! አንቺ መቃብር ሆነሽ እኔ ደስ አለኝ።

ውድድሩ አልቆ ስመጣ አጎቴ ቤት ማለዳ ሰው ሞልቶ ጠበቀኝ። ሲያረዱኝ እንባ እምቢ አለኝ። ዘመድ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ወደኋላ ሸሸሁና፣ በወረርሽኙ እንደለመድኩት ለሰላምታ ክርኔን ዘረጋሁ። ለእናቱ መርዶ ክርኑን የሚዘረጋ ልጅ! ከተማ ልቡን አደነደነው ብለው አሙኝ፤ ከውጭ ለሚያይ እውነታቸውን ነው። ትርንጎ ብቻ በግድ ጨምድዳ ያዘችኝ፤ መንቀጥቀጤንም ያወቀችው ያኔ ነው። ጎንደር ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝም እሷው ናት። ሐኪሙ የጭንቀት ሕመም ነው፣ ይታከማል አለኝ። በር ዘግቼ መተኛት እስክችል ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን እተኛለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ወድጄ አይደለም። ጎንደር ያለ አንድ ቡድን ና ተጫወትልን ብሎ የጤና ቅጽ ልኮልኛል፤ ከዚህ በፊት የታመምከው ሕመም ካለ ጻፍ ይላል። ትናንት ወባ ብዬ ጻፍኩና ብዕሩን አስቀመጥኩ። ውሸት አይደለም፣ ስንቴ ይዞኛል። አጎቴ ሌላውን ከጻፍክ እብድ ነው ብለው ይተዉሃል፣ ዝም በል አለኝ። ሊተዉኝም ይችላሉ፤ ሌላ በረኛ አያጡም። እኔ ግን ዝም ብዬ ያጣሁት ይበቃኛል። ከወባው ሥር ባለው መስመር እጽፈዋለሁ። ብቻ ባዕድ ሰው ሳያነበው አንቺ እንድትሰሚው ፈለግኩ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው እማዬ። ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ፣ ደህና ነኝ ለማለት አፌ በቸኮለ ቁጥር፣ ያንን ስልክ አስታውሳለሁ፤ አንቺንም። ያኔ ምን ሆነሃል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ አምስት ዓመት ዘገየብሽ። ፈርቼ ነበር፣ እማ። አንቺን ፈልጌ ነበር።

ቆሞ የሚውለው ልጅሽ