የስኳሩ ቆርቆሮ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ እንዴት ነው? ከእንቅልፍሽ እየተነሣሽ ውሃ መጠጣቱንስ ተውሽው? እኔማ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን አልዋሽሽም። ሰሞኑን ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የእንጨት ሥራ ቤታችን አንድ ልማድ አለው። አዲስ ጠረጴዛ ሲያልቅ፣ ገዢው ከመውሰዱ በፊት ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠን ሻይ እንጠጣበታለን። ሻይ አልኩሽ እንጂ የተቀቀለ ስኳር ነው። አልጠጣም ማለት ሥራውን መናቅ ነው። ስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከአንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ ብርጭቆዬን ይዤ ዞር እልና ከሥራ ቦታዬ ሥር ሰጋቱራው ላይ እደፋው ነበር።

ጉንዳን ግን ሚስጥር አይጠብቅም። ቫርኒሽ ቀቢው፣ መቼም ኩርፊያ ቀለቡ ነው፣ ሰልፋቸውን ተከትሎ ደረሰበት። በሰው ሁሉ ፊት፣ ሥራዬን ንቀህ ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ። ያኔ አመለጠኝ፤ ስኳር አለብኝ፣ ስኳር ጠላቴ ነው አልኳቸው። አለቃችን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብሎ ተረተብኝ። ቀቢው ከንፈሩን መጠጠልኝ። እንዲያ ሲያዝኑልኝ አፈርኩና ሌላውን ሳልነግራቸው ወደ መጋዜ ተመለስኩ።

በሳምንቱ አስቸኳይ ሥራ መጣ። ኢንሱሊኔን ተወግቼ ምሳ ሳልበላ ቆየሁ። ማሽኑ ፊት እንደቆምኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ስኳር ስጡኝ አልኩ። እታለም፣ ከለከሉኝ! አለቃችን ማሽኑን አጥፍቶ፣ ደግፎ ይዞኝ፣ በእጃችን አንገድልህም ይለኛል። ቀቢው የስኳሩን ቆርቆሮ አቅፎ እያለቀሰ ወደ ግቢው ሮጠ። ላስረዳ ብል ምላሴ ተሳሰረ። ስለሚወዱኝ ልሞት ነበር።

ጠረጴዛዋን ልትወስድ የመጣች ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ ለስላሳ ትጠጣ ነበር። እንደ ሌባ ከእጇ ነጥቄ ጨለጥኩት። አለቃችን ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ ቀቢውማ ከግቢው ተመልሶ፣ አሁን ሞተ አሁን ሞተ እያለ ያየኝ ነበር። ነፍስ ስዘራ የቀረውን ነገርኳቸው፤ ሲበዛ እንደሚጎዳኝ፣ ሲያንስብኝ ደግሞ ቶሎ ካላገኘሁ እንደምሞት።

አሁን ቆርቆሮው እጄ ከሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ቀቢው ኪሱን ከረሜላ ሞልቶ፣ ግንባሬ በረጠበ ቁጥር፣ ሙቀቱ ነው ወይስ ስኳሩ እያለ ይነዘንዘኛል። ያናድደኛል። ሳይጠይቀኝ ሲውል ደግሞ ይከፋኛል።

የምጽፍልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ባለፈው ቤትሽ ስመጣ፣ ማቀዝቀዣሽ ውስጥ ከእንቁላሉ ኋላ በጨርቅ የጠቀለልሽውን አይቼ እንዳላየ መልሼ ዘጋሁት። እኔም የራሴን ኢንሱሊን እንደዚያው ነው የምጠቀልለው። አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤት ምሳሽን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ በሩን ቆልፈሽ ለብቻሽ መብላት እንደጀመርሽ ጽፈሽልኛል። ያንን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማስተባበል አያስፈልግሽም፤ መልስም አልጠብቅም። ብቻ እህቴ፣ የበሩን ሁለተኛ ቁልፍ አንድ ሰው ይያዝልሽ፤ ለምን እንደሚይዘውም ሙሉውን ንገሪው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ክፉሽን አያሰማኝ።

ያንቺው ታናሽ ወንድም