ስለ ብረት ሠሪው ይባረክ ስም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለአያ ሙሉሰው ነጋ፤
ሃምቡርግ።

አያ ሙሉሰው፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ የብረት ሠሪውን የይባረክን ስም ከእንግዳ ማረፊያችን ማስታወቂያ ላይ እንድታነሣ ለመጠየቅ ነው። ምክንያቱን ከሰላምታው ያስቀደምሁት ሥርዓት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሰላምታውን ካስቀደምሁ ናፍቆቱ ቁጣዬን ያበርደዋል ብዬ ስለሰጋሁ ነው። በስልክ ያልነገርሁህም በስልክ ሲሆን እየሳቅህ ስለምታቋርጠኝ ነው። ወረቀት ግን እስኪያልቅ ድረስ ይናገራል።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ሰንብተሃል? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? በረዶ አዳልጦህ የተመታው ጉልበትህስ ሻረልህ? እኅቴ ፅዮን ከሥራ ድካም ጋር እንዴት ናት? ሕፃኑ ባምላክስ መሄድ ጀመረ ወይስ አሁንም ወንበር ይዞ ነው የሚቆም? እኛ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነን። እናታችን ቆላ ድባ ናት፤ ዓይኗን ትንሽ ከማመሟ በቀር ጤና ናት፤ የዘንድሮው ጤፍ ሸጋ ነው ብላኛለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የዛሬ ሁለት ዓመት መንገዱ ሲዘጋና እንግዳ ሲጠፋ፣ ስድስቱ ክፍሎቻችን ባዶ ውለው ባዶ ሲያድሩ፣ አንተ ከሃምቡርግ ደውለህ «እንግዳ አልጋ ፍለጋ አይመጣም፣ ታሪክ ፍለጋ ነው የሚመጣ» አልኸኝ። ከዚያም አያታችን አድማሴ ሲያወጉን የሰማኸውን አስታወስህ፤ ቆላ ድባ አጠገብ ባለው መንደራቸው ማረሻ ይሠራላቸው የነበረውን ቤተ እስራኤላዊ፣ ይባረክን። በድረ ገጹ ላይ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ አሳምረህ ጻፍህ፦ ይህ ቤት የብረት ሠሪው የይባረክ ቤት ነበር፤ በግቢው ያለው ጥቁር ድንጋይም ይባረክ ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፉ ነው።

ቤቱን አባታችን በ1995 ዓ.ም. ሁለት በሬ ማክሰኝት ወስዶ ሸጦ እንደሠራው ታውቃለህ። ድንጋዩም ከቀሐ ወንዝ ለልብስ ማጠቢያ የመጣ ነው፤ ያንተ የትምህርት ቤት ሱሪ ስንት ጊዜ እንደታጠበበት ድንጋዩ አፍ ቢኖረው ይነግርህ ነበር። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ ነግሬሃለሁ። አንተ ግን «ማንን ይጎዳል? ሰውዬው ሞቷል፤ ዘመዶቹም ከሄዱ ቆዩ። አንቺ ደግሞ መጽሐፍ አብዝተሽ ኑሮ አነሰሽ» ብለህ አፌን አስያዝኸኝ።

እኔም ተያዝሁ። ይህን ካልጻፍሁ ቁጣዬ ሐቀኛ አይሆንም። ባለፈው ዓመት ሁለት ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ድንጋዩን እያሳዩ «እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «እንዲያ ይባላል» አልኋቸው። ባዩ ወንድሜ፣ አስተላላፊዋ እኔ ሆኜ ሳለ፣ አገር ሁሉ የሚለው አስመስዬ «ይባላል» አልሁ።

ኅዳር 24 ቀን ሁለት ሴቶች ከአውሮፕላን ማረፊያ በባጃጅ መጡ። ታናሺቱ ራሔል ትባላለች፤ ኔታንያ ተወልዳ ያደገች መምህርት ናት፤ አማርኛዋ ይሰበራል እንጂ ይገባል። ታላቂቱ እናቷ ናቸው፤ ፀጉራቸው ነጭ፣ አንደበታቸው ግን እንደኛው የደንቢያ ነው። ፓስፖርታቸውን ተቀብዬ በእንግዳ መዝገብ ላይ ስማቸውን ስገለብጥ እጄ ቆመ። ሸዋረግ ይባረክ ይላል።

ቀና ስል ራሔል በጓሮው በር ወጥታ ነበር። ደርሼ ሳያት ድንጋዩ ሥር ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን አሳርፋበት ታለቅሳለች። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው፤ አልተናገርሁም። እማማ ሸዋረግ ቀስ ብለው መጥተው ድንጋዩን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ጥፍራቸውን አሸተቱ።

«ልጄ፣ ተነሽ» አሏት። «ይህ ሳሙና ነው። አያትሽ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር እንጂ ልብስ አያጥብም ነበር።»

ከዚያ ቀና ብለው ቤቱን አዩትና ሳቁ። «ደግሞስ ይህ ሁሉ በረንዳ! አባቴ ይህን የመሰለ በረንዳ ቢኖረው ሱዳን ድረስ በእግሩ ምን አስኬደው?»

ራሔል አልሳቀችም። ዓይኗን ጠርጋ «ማነው የጻፈ?» አለችኝ። ወንድሜ ነው አልሁ። ቀጥዬም፣ እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ አልኋት። ያን ቀን ክፍላቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ ራታቸውን አስቀርቤ ሳይነካ ተመለሰ። እንግዳ በቤታችን ጦሙን ሲያድር የመጀመሪያው ነው፤ ሐፍረቱን አንተም ተካፈለው።

በማግሥቱ እማማ ሸዋረግ በረንዳው ላይ አስቀምጠውኝ ለምን እንደመጡ ነገሩኝ። አባታቸው ይባረክ በ1976 ቤተሰቡን ይዘው ሲወጡ ሱዳን ደርሰው፣ መጠለያው ውስጥ በበሽታ ሞቱ። የተቀበሩበትን ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ነፋስ አሸዋውን ወስዶታል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያልን አድገናል አይደለም? መቃብር ለሌለው ሰው ስሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን እኔና አንተ አስበን አናውቅም። እማማ ሸዋረግ ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦

«ራሔል ስልኳን ይዛ መጥታ፣ እማ፣ ጎንደር ውስጥ የአያቴ ስም የተጻፈበት በር አለ አለችኝ። አባቴ ጎንደር ለገበያ እንጂ ለኑሮ እንዳልገባ መቼ ጠፋኝ? ግን ከአገር ስንወጣ መስፉን ጓሮ ቀብሮት ነበር። ምናልባት አንድ ደግ ሰው ቆፍሮ አውጥቶ፣ ወደ ከተማ አምጥቶ፣ ከነስሙ አኑሮት ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ባላስብ ይሻል ነበር።»

ያቺ «አንድ ደግ ሰው» የምትል ቃል እስካሁን ትወጋኛለች። አንተንም ትውጋህ።

ቀጥለው የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። የነጋ አድማሴ ልጅ ነኝ ስላቸው የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «የቀዩ በሬ ጌታ፣ አድማሴ!» አሉ። አያታችን የማረሻውን ዋጋ እህል አምጥተው ከአጥር ውጭ አስቀምጠው ይመለሱ እንደነበር አስታወሱ፤ ከይባረክ ቤት አይገቡም፣ ከራሳቸውም ቤት አያስገቡም። አንድ ክረምት እማማ ሸዋረግ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ የተሳለ ማረሻ ይዘው ሲመጡ ዝናብ ያዛቸውና ከጣሪያችን ጠፈጠፍ ሥር ቆሙ። የአድማሴ ሚስት፣ ሴት አያታችን፣ ከውስጥ ሆነው «ራቅ በይ፣ ሕፃን አለ፣ ዓይንሽን አንሺ» ብለው ጮኹባቸው። ዝናቡ ሳያባራ ሄዱ። ሕፃኑ አባታችን ነበር።

ራሔል በቁጣ «ታዲያ እናንተስ ምን አላችኋቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ምን እንላለን? እኛም ብንሆን እነሱ ከነኩን ወንዝ ወርደን እንታጠብ ነበር» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው፣ «ቢሆንም ማረሻ ከልክለናቸው አናውቅም» አሉ።

አያ ሙሉሰው፣ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ቡዳ ብለን ከጠፈጠፋችን ሥር ልጁን ያባረርንበትን ሰው፣ ከሞተ በኋላ የቤታችን ባለቤት አደረግነው፤ ያውም ለማክበር አይደለም፣ አልጋ ለማከራየት። አንተ ውሸት መስሎህ ይሆናል፤ ውሸትስ ባለቤት የለውም። ይህ ግን ባለቤት አለው፤ በበራችን ገብቶ ሳሙናውን አሸተተ።

ቆላ ድባ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት መንገዱ ለእንግዳ አያስተማምንም ስላሉን እማማ ሸዋረግ የተወለዱበትን መንደር ሳያዩ ቀሩ። እኔ ለእናታችን ደውዬ ሁሉንም ነገርኋት። «የይባረክ ልጅ ናት? በሕይወት አለች?» አለችና፣ በማግሥቱ በሚኒባስ ሾፌር እጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ላከች። የአያታችን ማረሻ ነው፤ የጎተራውን በር ስንደግፍበት የኖርነው፣ ተበልቶ ተበልቶ የስንዝር እኩሌታ የቀረው። ይባረክ የሠራው እርሱ ነው።

እማማ ሸዋረግ ብረቱን በመዳፋቸው ይዘው ክብደቱን መዘኑት፤ ጎድጓዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ወስደው ለልጅ ልጆቻቸው እንዲያሳዩት ለመንኋቸው። መልሰው እጄ ላይ አኖሩትና እንዲህ አሉ፦

«ማረሻው የእናንተ ነው፤ አድማሴ እህል ሰፍሮ ገዝቶታል። ስሙን ግን አልሸጥንላችሁም።»

ከዚህ በላይ የምለው ባይኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንግዶቹ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ራሔል በሩ ላይ ቆማ፣ በየዓመቱ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አያቷን የሚያስብበት ቀን ዘንድሮ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 እንደሚውል ነገረችኝ። ሃያ ሦስቱ የልጅ ልጆችና ልጆቻቸው በዚያ ቀን የይባረክን ስም በስልካቸው ሲፈልጉ ከልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ጋር እንዳያገኙት ጠየቀችኝ። አልለመነችኝም፣ አልዛተችብኝም፤ ብቻ ቀኑን ነገረችኝ።

እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። በውጭው በር ላይ ያሰቀልኸውን፣ የይባረክ ስም ያለበትን ሰሌዳ በገዛ እጄ አውርጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ እውነቱን ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው የአገርህ ሰው፣ ጀርመናዊው እንግዳችን፣ ስለ ድንጋዩ ስነግረው ከት ብሎ ስቆ ሲያበቃ ሁለት ጥንድ ካልሲ አምጥቶ አጠበበት። አየህ፣ ያለ ተረትም እንግዳ ያድራል።

ድረ ገጹ ግን የሚከፈተው በአንተ የይለፍ ቃል ነው፤ ስለዚህ እጄ አይደርስበትም። ለጥምቀት ክፍል የያዙት ዐሥራ ሁለት እንግዶች «የይባረክን ቤት» ለማየት የሚመጡ ናቸውና ይቀራሉ እንደምትለኝ ዐውቃለሁ። ከቀሩ ይቅሩ። አንሶላችን ንጹሕ ነው፤ ውኃችን ይሞቃል፤ ታቦታቱ ወደ ቀሐ ሲወርዱ ከሰገነታችን ይታያሉ፤ ቤቱንም ነጋ አድማሴ በላቡ ሠርቶታል። የአባታችን ስም አንሶህ የሰው አባት ተበደርህ፤ ከማፈሬ በፊት የተገረምሁት በዚህ ነው። አባታችን ምን በደለህ?

ካላነሣኸው ደግሞ የማደርገውን አስቀድሜ ላሳውቅህ፤ ማስፈራራት ሳይሆን መደበቅ ስለማልወድ ነው። ዐሥራ ሁለቱን እንግዶች በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እውነቱን ነግሬ፣ የማረፊያውን ቁልፎች ለእናታችን አስረክቤ እወጣለሁ። በይባረክ ስም አንድ አልጋ እንኳ ዳግመኛ አላነጥፍም።

ለእኅቴ ለፅዮን የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እርሷም እንድታነበው እፈልጋለሁ። ባምላክን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። እናታችን «ልጄን አትቆጭው፣ ግን እውነቱን ንገሪው» ብላኛለች፤ ሁለተኛውን ፈጽሜያለሁ። ዘበኛችን አያ ወንዴ እጅ ነሥተውሃል፤ ሰሌዳውን ሳወርድ መሰላሉን የያዙልኝ እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የይባረክን ስምና የድንጋዩን ፎቶግራፍ ከድረ ገጹ አጥፋ፤ ለዐሥራ ሁለቱ እንግዶች እውነቱን ጻፍላቸው፤ ለእማማ ሸዋረግም በገዛ እጅህ፣ በአማርኛ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈህ በዚህ ወረቀት ጀርባ ባለው አድራሻ ላክ። የይቅርታው ደብዳቤ ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ፣ ስሙ ከመታሰቢያው ዋዜማ፣ ከታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ሳያልፍ መነሣት አለበት።

እኅትህ ሚስጥር ነጋ
ጎንደር፣ ቀሐ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.